ፀሐይን ማን ያጠፋታል?

እኔ የጤና ጣቢያው ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ቁልፍ መያዝ እንጂ ሰው ማስታረቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ሰኞ ዕለት ለምሳ ልወጣ የመጋዘኑን በር ስቆልፍ ዝናቡ ወረደና ግቢው መሀል ቆመው ሲከራከሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች እየሮጡ መጥተው ከእኔ ጋር ታዛው ሥር ተጠለሉ። ሰው ከዝናብ ይሸሻል፣ ከነገር ግን አያመልጥም።

አንደኛው «ጣቴ ምስክሬ» የሚባሉት አንጋፋ የመብራት ሠራተኛ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አሠራራቸው አንድ ነው፤ ዋናውን ማጥፊያ ያጠፋሉ፣ የቀኝ እጃቸውን ጀርባ ለሽቦው ያስነካሉ፣ ካልነዘራቸው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። «ቴስተር የለዎትም ወይ?» ሲባሉ «ጣቴ ምስክሬ ነው» ስለሚሉ የክርስትና ስማቸውን የሚያስታውስ ጠፍቷል። ሁለተኛዋ ከመንግሥት የተላከች የሥራ ተቆጣጣሪ ናት፤ በዕድሜ ከልጃቸው አትበልጥም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣቢያችን መብራት የሚያገኘው ጓሮ ካለው የናፍጣ ጄኔሬተር ነው። ጭሱ ማዋለጃ ክፍሉ ድረስ እየገባ ግድግዳውን አጥቁሮታል፤ አራሶቹ ሕፃን ታቅፈው ሲስሉ መስማት ያሳቅቃል። ይህ ጭስ እንዲቀር በሕዝብ ገንዘብ ጣሪያው ላይ ሶላር ሊተከል ተወሰነ። ኮንትራክተሩም ሥራውን ለጣቴ ምስክሬ ሰጣቸው። እሳቸውም የልጃቸውን ባል ጨምሮ አምስት ሰዎች ይዘው መጥተው መሰላል አቆሙ። ተቆጣጣሪዋ ደግሞ መሰላሉ እንዲወርድ አዘዘች፤ በደንቡ መሠረት የሁለት ሳምንት ሥልጠና ያልወሰደና የብቃት ማረጋገጫ የሌለው ሰው ጣሪያ አይወጣም።

እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ከሽማግሌው ጋር ነበርኩ። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራን ሰው ተማሪ ቤት ግባ ማለት ምን የሚሉት ፈሊጥ ነው?

«ልጄ፣ እኔ ይህን ሙያ ስይዝ አንቺ አልተወለድሽም» አሏት።

«አልተወለድኩም አባቴ። ሙያዎን አከብራለሁ። ግን ይሄ እርስዎ የሚያውቁት መብራት አይደለም።»

ሽማግሌው ብዙ ተናገሩ። ወረቀት ሽቦ አይቀጥልም አሉ። ሥልጠና የሚሉት ለቢሮ ሰው አበል መብያ ነው አሉ። ልጆች ያሉት ሰው ሁለት ሳምንት ባዶ እጁን ቁጭ ብሎ ምን ይብላ አሉ። እሷ ሳታቋርጥ ሰማቻቸውና ለመጨረሻው ብቻ መለሰች፤ የሥልጠናው ቀን እንደ ሥራ ቀን እንደሚታሰብ፣ ይህም በውሉ ላይ እንደተጻፈ፣ ኮንትራክተሩም ፈርሞበት እንደነበር ነገረቻቸው። ይህን ማንም አልነገራቸውም ነበር። ወደ ግቢው በር ዘወር ብለው ዝናብ ከሚወርድባቸው ሰዎቻቸው ላይ ዓይናቸውን ጣሉ።

ቀጥሎ ያመጡት ግን አንጀቴን በላው። «ታናሽ ወንድሜ አምና ከዱቄት ፋብሪካው ጣሪያ ወድቆ ሞተ። ይሄንኑ ሶላር ሲተክል። ሥልጠና ስለሌለው ነው ልትዪኝ ነው? ዝናብ ነበር፣ አዳለጠው። ቀኑ ደርሶ ነው።»

የምታውቀው ነገር እንዳለ የልጅቷ ፊት ተናገረ። ከዚያ መጋዘኑን ክፈትልኝ አለችኝ።

ከተደረደሩት የሶላር ሰሌዳዎች አንዱን አውጥተን ታዛው ሥር ፊቱን ወደ ውጭ አድርገን አቆምነው። ከጀርባው ሁለት ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል። ከቦርሳዋ የመብራት መለኪያ አውጥታ ጫፎቹን ሰካችባቸው። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ዝናቡ አላባራም፤ መለኪያው ግን ሠላሳ ስምንት ቮልት አለ።

«ከምን ጋር ተያይዟል?» አሉ ሽማግሌው።

«ከምንም።»

«ዋናው ማጥፊያስ?»

«የለውም።»

ጎንበስ ብለው ከሰሌዳው ኋላ ፈለጉ። ከዚያ የሠላሳ አራት ዓመት ልማድ ነውና የቀኝ እጃቸው ጀርባ ራሱ ወደ ሽቦው ሄደ። አንጓቸውን ያዘችው።

«አባቴ፣ አንዱ ብቻውን ይሄን ያህል ነው። ጣሪያ ላይ አሥራ ስድስቱ አንድ ላይ ይቀጠላሉ። ታች ያለውን ዋና ቢያጠፉት ቤቱ ይጨልማል እንጂ የላይኛው ሽቦ እስኪመሽ ድረስ ይገድላል።»

«ታዲያ ማን ያጠፋታል?»

«ማንን?»

«ፀሐይን።»

«ማንም። ሥልጠናው ያስፈለገው ለዚህ ነው።»

ሰሌዳው እንዴት እንደሚሸፈን፣ የቱ ሽቦ ከየቱ በፊት እንደሚነቀል፣ ጓንቱንና የደህንነት ቀበቶውን በዝርዝር ታስረዳቸው ጀመር። እሳቸው ግን አይሰሟትም ነበር። ዓይናቸው መለኪያው ላይ ቀርቷል።

«ወንድሜ ዋናውን አጥፍቶ ነበር?» አሏት።

«ይህን ባይጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ጠየቅኩሽ እኮ።»

«አጥፍቶ ነበር። የምርመራውን ወረቀት አንብቤዋለሁ። ሰው እንዳያበራበት ማጥፊያውን በገመድ አስሮት ነበር። አላዳለጠውም አባቴ። የቀኝ እጁ ጀርባ ተቃጥሎ ነው የተገኘው።»

«እንዳስተማርኩት ነዋ ያደረገው» አሉ።

እኔ የማጽናኛ ቃል ስፈልግ ልጅቷ ቀደመችኝ። እርስዎ የሚያውቁትን ነው ያስተማሩት፣ ጥፋቱ ሳያሠለጥን ጣሪያ ያወጣው አሠሪ ነው፤ ይህ ደንብም የወጣው እንደሱ ያሉ ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው አለቻቸው።

«ለሱ አልደረሰም።»

«አልደረሰም።»

ዝናቡ ሳያባራ ወደ ሰዎቻቸው ሄዱ። መሰላሉን ጫኑት ሲሉ የልጃቸው ባል አጉረመረመ፤ ሥራው ለሌላ ይሰጥብናል ነው የሚለው። «ሚስትህ ልጄ ናት» አሉት። «ሁለት ሳምንት ቁጭ ብለህ ተማር። እኔም አጠገብህ እቀመጣለሁ።»

ተቀመጡም። በስብሰባ አዳራሻችን የፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ መነጽራቸውን በክር አስረው። ኮንትራክተሩ ሥራው በሁለት ሳምንት ዘገየ ብሎ ቢነጫነጭም የሥልጠናውን ቀናት ክፍያ ሳይወድ በግዱ ከፈለ። ስድስት ሰው ቀበቶ ታጥቆ ጣሪያ ወጣ፣ ስድስቱም በእግራቸው ወረዱ። ጄኔሬተሩ ዝም አለ፤ የማዋለጃው ግድግዳ ተቀባ፣ አራሶቹ ንጹሕ አየር ይስባሉ። የብቃት ማረጋገጫውን የያዙትንም የአካባቢው ትምህርት ቤት የሶላር ሥራ በተሻለ ደመወዝ ወስዷቸዋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች ይህን አይተው ይመስለኛል። የሕዝብ ገንዘብ ጭስ አጥፍቶ ሰው የሚያጠፋ ከሆነ ምን ጥቅም አለው? እኔም በልቤ ለያዝኩት ሐሳብ አፍሬአለሁ።

አሁን አዲስ ሠልጣኝ በመጣ ቁጥር ጣቴ ምስክሬ ይጠራሉ። ከደረት ኪሳቸው ቴስተር ያወጣሉ፣ የቀኝ እጃቸውን ከኋላቸው ያደርጋሉ። ብዙ አይናገሩም።

«ወንድሜ ዋናውን አጥፍቶ ነበር» ይላሉ። ከዚያ ትምህርቱ ይጀመራል።