በዋስ የተጫወትኩት ቅርጫት ኳስ

ካልሳቃችሁብኝ ልንገራችሁ። እኛ የደባርቅ ልጆች ዳባቶችን በአንዲት ነጥብ እየመራን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ዳኛው ፊሽካውን ነፋና አምስት ጣቱን ዘርግቶ አሳየኝ። «አምስት ፋውል ሠርተሃል፤ ውጣ!» እኔ ደግሞ ቅርጫት ኳስን የተማርኩት በስልኬ አሜሪካኖቹን እያየሁ ነው። «እነሱ ዘንድ የሚወጣው በስድስት ነው!» ብዬ ድርቅ አልኩ። «እነሱ የሚጫወቱት አርባ ስምንት ደቂቃ ነው፤ እኛ አርባ። አምስት ይበቃሃል!» አለኝ። ክርክሩ ሲጦፍ ጎረቤታችን ጋሽ ሞላ፣ ስንቱን ባለ ደም ያስታረቁ ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ሜዳው መሃል ገቡ። «ልጄ፣ ስለ እግዜር፣ አንዷን ማርልኝ። ሁለተኛ ቢያጠፋ ዋሱ እኔ ነኝ» አሉት። ዳኛው ሽማግሌ እምቢ ማለት አቃተው፤ ዳባቶችም «ስለ እርሳቸው ይሁን» አሉ።

አይ እኔ! ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ረጅሙ የዳባት ልጅ ወደ ቅርጫቱ ሲዘል ወገቡን ጥምጥም አድርጌ ያዝኩት። ፊሽካ! ስድስት! አንገቴን ደፍቼ ልወጣ ስል ጋሽ ሞላ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። «የት ትሄዳለህ? ዋሱ እኔ አይደለሁም? አንተ ተጫወት፣ እኔ ወጣሁ» ብለው በግቢው በር ውልቅ አሉ። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ፤ የዳኛው ፊሽካ ሳይቀር ከአፉ ወደቀ። እኔ ግን በሀፍረት ቀልጬ እየሮጥኩ ተከተልኳቸውና ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። ግራ ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ብቻ ልጄ፣ ደህና አድርገህ ነው የያዝኸው! ባትይዘውኮ አግብቶብን ነበር።»