ከወለል የተለካ አሸዋ

ሽማግሌው ገበሬ ሲ ሞቅዳድ ከዓርብ ሶላት ወጥተው ወደ ማሳቸው ሲያዘግሙ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ራይሃና ከቱኒስ ከመጣው ሚኒባስ ስትወርድ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። የባሕርን ጠባይ በዩኒቨርሲቲ የተማረችው ይህች ልጅ ዓምና በገበሬዎች ስብሰባ ላይ ቆማ «ሙቀቱ የሰውን ዘር ሊያጠፋ ነው» ካለች ወዲህ ሽማግሌው ሲያዩዋት መንገድ ይቀይሩ ነበር። ዛሬ ማምለጫ አጡ።

«ደኅና ነዎት አጎቴ? ድንቹስ?»

«ደኅና ነኝ። የሰው ዘር ግን እስካሁን አለ እንዴ? ያልቃል ብለሽን ነበር እኮ!»

«አለ፤ እንዲያውም ርቦታል» አለች እየሳቀች፤ ተከትላቸውም ወደ ማሳው ወረደች።

የቱኒዚያዋ የባሕር ዳር መንደር የጋር ኤል ሜልህ ገበሬ ከባሕሩ ጋር በተያያዘው ጨዋማ ሐይቅ ላይ አሸዋ ደልድሎ ያርሳል። የዝናቡ ውሃ አሸዋው ውስጥ ከጨዋማው ውሃ በላይ ይቀመጣል፤ ባሕሩ ሲሞላ ወደ ተክሉ ሥር ይገፋዋል። አሸዋው ትንሽ ዝቅ ካለ ተክሉን ጨው ያቃጥለዋል፤ ትንሽ ከፍ ካለ በጥም ይደርቃል። ዘንድሮ የሲ ሞቅዳድ ድንች ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ተቃጥሏል። ይህ ማሳ ከከሰረ ልጃቸው ኒዛር በጀልባ ወደ ጣሊያን መሻገሩ እንደማይቀር ያውቃሉ፤ እንቅልፍ የነሣቸውም ይኸው ነው።

«ዘሩ ነው ብልሹ» አሉ ሳትጠይቃቸው። «የሸጠልኝ ሰውዬ ሌባ ነው።»

«አሸዋውስ?»

«አሸዋውማ ልክ ነው! በአባቴ ዘንግ ለክቼዋለሁ።»

«ከየት ጀምረው ነው የሚለኩት?»

«ከሐይቁ ወለል ነዋ! ከሰማይ እንድለካ ነው?»

«ወለሉ ካለበት አልተነሣም አጎቴ፤ ከፍ ያለው ውሃው ነው። አባትዎ ሲለኩ ባሕሩ ከዛሬው ዝቅ ያለ ነበር።»

«ባሕር ይመጣል፣ ይሄዳል። አያቴም አይቶታል። እናንተ ደግሞ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ናችሁ!»

ራይሃና አልተቆጣችም። ከድንቹ ሥር ቆፍራ ውሃ በመዳፏ ይዛ ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ፊታቸው ተጨማደደ። ከሰው ጋር መከራከር ይቻላል፤ ከምላስ ጋር ግን አይቻልም።

«እንግዲያው እውነትሽን ኖሯል» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ልናልቅ ነው?»

ያን ጊዜ ብታስፈራራቸው ኖሮ ያምኗት ነበር። እሷ ግን አፈረች።

«እሱን ያልኩት ተሳስቼ ነው። ሳይንሱ የሰው ዘር ያልቃል አይልም፤ በእርግጠኝነት ያልቃል የሚል ሰው ከማስረጃው አልፎ ሄዷል። ሳይንሱ የሚለው፣ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ጉዳቱ ይከፋል፣ ባሕሩም ይነሣል ነው። ሀብታም ከተማ ግንብ ይሠራል። እንዲህ ላለ ማሳና ለዝቅተኛ ደሴቶች ግን የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው።»

«ሁላችንን ካልጨረሰ ምን ያስጨንቃል የሚል አይጠፋም።»

«የማይገድል በሽታስ አይታከምም እንዴ?»

ሲ ሞቅዳድ አንድ የተቃጠለ ቅጠል ቆረጡ። «ታዲያ ምን ይሁን?» አሉ።

«ባሕሩ ሲሞላ ከውሃው ገጽ ጀምረን እንለካና አሸዋ እንጨምር። መፍትሔው ግን ለዘለዓለም አይደለም። እስከ መቼ እንደሚያቆየን ዓለም የሚያቃጥለው ነዳጅ ነው የሚወስነው።»

«አባቴን ሐሰተኛ አደረግሽው።»

«አባትዎ በዘመናቸው ልክ ነበሩ።»

ይህች ቃል ከሳይንሱ ሁሉ ይልቅ ሽማግሌውን አለዘበቻቸው። በመከር ሲ ሞቅዳድና ልጃቸው አሸዋ ሲደለድሉ ከረሙ፤ የሚቀጥለው ድንች ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ ምርቱም ለገበያ በቃ። ኒዛር ለጊዜው ቀረ። ከውሃው ገጽ መለካት ያተረፈው ይህን ነው፤ ለሚጠቀምበት ሁሉም ያተርፋል።

በገበሬዎቹ ስብሰባ ላይ አንዱ «ያቺ ልጅ ሁላችንም ልናልቅ ነው ስትል አልነበር?» ብሎ ሲያሾፍ፣ ሲ ሞቅዳድ ተነሡ።

«የሰው ዘር አያልቅም» አሉ። «የእኛ መንደር ግን ሊያልቅ ይችላል። አካፋችሁን አንሡ።»