ሰዓት ሠሪው የረገሙት ጩኸት

አዛውንቱ ሰዓት ሠሪ ከአማተር ሬዲዮ ማኅበሩ ቢሮ ሲወጡ፣ የኤሌክትሮኒክስ መምህርት ከሆነችው የእህታቸው ልጅ ጋር ደረጃው ላይ ተገጣጠሙ። በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ የሚያወሩ ሰዎች ያቋቋሙት ይህ ማኅበር ኮረብታው ላይ ያለውን ሪፒተር፣ የሩቁን ድምፅ ተቀብሎ የሚያሻግረውን መሣሪያ፣ በዲጂታል ሊተካ ነው። ከአባላቱ የቀረው የእሳቸው ፊርማ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ፈረሙልን?»

«አልፈርምም! የሰውን ድምፅ ቁጥር አድርጎ የሚበትን ማሽን ነገ በስሜ ምን እንደሚያወራ በምን አውቃለሁ?»

«በትኖ አይተወውም፤ ማዶ ያለው ሬዲዮ መልሶ ይሰበስበዋል።»

«ይህን ለተማሪዎችሽ ንገሪ።»

ሆዳቸው ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነበር። ከሸለቆው ማዶ ያለው ባለወፍጮ፣ የሠላሳ ዓመት የሬዲዮ ወዳጃቸው፣ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ወር ሆነው። ከዚያ ወዲህ ልክ በቀጠሯቸው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አንድ ጩኸት መስመሩን ይይዘዋል።

«የምታውኩኝ እናንተ ናችሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አሮጌውን እንድጠላ ነው። ነቅቼባችኋለሁ።»

«ጩኸቱ ምን ይመስላል?»

«እንደ ንብ ነው። ይጮሃል፣ ዝም ይላል፤ ደግሞ ይጮሃል።»

«ዝም ይላል?» አለች መምህርቷ። «ጋሼ፣ ሊረብሽ የመጣ ሰው መልስ ይጠብቃል እንዴ?»

የቀጠሮው ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበርና፣ ሸለቆውን ፊት ለፊት ወደሚያየው ጣሪያ ይዛቸው ወጣች። ከማዶ የሚላከውን ያለ ሪፒተር በቀጥታ እንዲቀበል ዲጂታል ሬዲዮዋን በዚያው መስመር ከፈተች። ወዲያው የሰው ድምፅ መጣ፤ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፣ ግን ኮሽታ የለበትም።

«አንተ ሰዓት ሠሪ! አሮጌው ሬዲዮዬ ተቃጥሎ በአዲሱ እጠራሃለሁ። አንተን እሰማሃለሁ፤ ትናንት 'ጥፋ፣ ባለጌ!' አልከኝ። ምን በደልኩህ?»

ሰዓት ሠሪው ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮው አስጠጉ።

«እሱ ነው?» አለች።

«እሱ ነው። እንዲህ ደፍሮ አንተ የሚለኝ ሌላ የለም።»

«አሮጌው ሪፒተር ዲጂታሉን አያውቀውም፤ ጩኸት አድርጎ ያመጣልዎታል። አዲሱ ግን ሁለቱንም ይቀበላል፤ የእርስዎም ሬዲዮ አይጣልም። ድምፁ በኮሽታ አይዋጥም፤ በዲጂታል ሬዲዮም ጠሪው ማን እንደሆነ መስኮቱ ላይ ይነበባል። አልዋሽዎትም፣ ሞገዱ ሲዳከም ድንገት ይቆረጣል።»

«ይቆረጥ፤ መቆረጡን ካወቅሁ ይበቃኛል» አሉ።

የማያውቁትን መጠርጠር ነውር አይደለም፤ ሳይጠይቁ መርገም ግን ወዳጅን ከደጅ ይመልሳል። ሰዓት ሠሪው ይህን የተማሩት በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። የመምህርቷን ሬዲዮ ቁልፍ ተጫኑ።

«የሰደብኩት ጩኸቱን ነበር፣ ወንድሜ። አንተ መሆንህን አላወቅሁም።»

ከማዶ የባለወፍጮው ድምፅ ተመለሰ።

«ሁለት ወር ሙሉ?»

«ሁለት ወር ሙሉ። በል እንግዲህ፣ ያመለጠኝን ከመጀመሪያው ንገረኝ።»