ለሥላሴ የሰጠሁት ክስ

ሦስት ጥማድ የገብስ መሬት ነበረኝ። በመሬት ድልድሉ ጊዜ በስሜ የተሰጠኝ፣ ከባሌ ጋር ድንጋዩን ለቅመን ያቀናነው፣ ባሌ ሲሞትም ብቻዬን ያቆየሁት ነው። ይህን መሬት ጎረቤቴ ወዳጆ ወሰደብኝ። በጉልበት ቢወስደው ይሻለኝ ነበር፤ እጮኻለሁ፣ ሰው ይደርሳል። እሱ የወሰደው በወረቀት ነው።

መርሐቤቴ የተዳረችው እኅቴ ታማ ላከችብኝ። ዓለም ከተማ ወርጄ ሁለት ክረምት አስታመምኳት፤ በሁለተኛው ክረምት መጨረሻ ቀበርኳት። ስሄድ መሬቱን ለወዳጆ የእኩል እንዲያርሰው ሰጥቼው፣ የቤቴን ቁልፍም ሚስቱ ተሾመች ዘንድ አስቀምጬ ነበር። ስመለስ ቁልፉን ሰጡኝ፤ መሬቱ ግን በወዳጆ ስም ተመዝግቦ የይዞታ ደብተር ወጥቶበታል። የቀበሌያችን የመሬት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ «ባለይዞታዋ አካባቢውን ለቃ የሄደች ስለሆነ» ይላል። እኔ አልለቀቅሁም። ማንም ለቀሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

ቀበሌ ሄድኩ፤ «ኮሚቴው ወስኗል» አሉኝ። ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ፤ «ቀበሌው ወስኗል» አሉኝ። አንዱ በሌላው ጀርባ ተሸሸገ። በመጨረሻ የጥር ሥላሴ ዕለት፣ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ተንበርክኬ «ሥላሴ፣ ወዳጆን ለአንተ ሰጥቼዋለሁ፤ አሳየኝ» አልኩ።

በአገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለታቦት የተሰጠ ሰው ላሙ ብትነጥፍ ከዚያ ነው ይባላል፤ ግድግዳው ቢሰነጠቅም ከዚያ ነው። የሰጠው ሰው በአደባባይ «አንስቻለሁ» እስኪል ድረስ በላዩ ይኖራል። በሁለተኛው ዓመት የወዳጆ ልጅ ጽናት በዘጠኝ ዓመቷ ሞተች። አገሩ «ሥላሴ ፈረደ» አለ። እኔም አልኩ። መሬቱ ግን አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ ውሃ ስወርድ ሴቶቹ መንገድ ይለቁልኝ ጀመር። አልዋሽም፣ መፈራቱን ለጥቂት ወራት ወድጄው ነበር። ኋላ ግን ሰው ፊት ስቀርብ ልጇን በቀሚሷ የምትሸፍን ሴት በዛች። ክፉ አለመሆኔን ላሳይ ብዬ ወዳጆንና የመሬት ጽሕፈት ቤቱን ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰስኩ። ዳኛው «በአስተዳደር የተወሰነ ጉዳይ ስለሆነ ፍርድ ቤቱ የማየት ሥልጣን የለውም» ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ወረቀቱን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ቤቴ ገባሁ።

አንድ ወር ተኩል ያህል ቆይቶ፣ የበግ ጸጉር ፈትል ልሸጥ ቀየት ገበያ ወጥቼ ሳለሁ በረዶ ወረደ። ወፍጮ ቤቱ ጣራ ሥር ስጠጋ የቄስ አትናቴዎስን ልጅ ትሕትናን አገኘኋት። ሕግ ተምራ ደብረ ብርሃን፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራለች።

«እትዬ የትምወርቅ፣ እንደምን ሰነበቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አባትሽ እንዴት ሆኑ?»

«ወገባቸው ነው የታመመው፤ ምላሳቸው ደህና ነው። የእርስዎን ነገር ነገሩኝ። ወረዳው ዘጋው አሉ?»

«ዘጋው። እሰየው። እኔ ድሮም ሌላ ዳኛ አለኝ።»

«ሥላሴን ነው? ታዲያ ወረዳ ድረስ ምን አደከመዎት? በሕግ እኮ አንድ ክርክር በአንድ ጊዜ ለሁለት ችሎት አይቀርብም። እርስዎ ላይም ታችም መዝገብ ከፍተዋል» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። እሷም አይታ ተወችው። ወረቀቱን እንዳሳያት ጠየቀችኝና ነጠላዬን ፈታሁላት። አነበበችው፤ በጣቷም ቆጠረች።

«አርባ ስድስት ቀን ሆኖታል። ይግባኝ የሚባለው በስድሳ ቀን ውስጥ ነው። አሥራ አራት ቀን ቀርቶዎታል፤ ከዚያ ወዲያ በሩ ይዘጋል።»

«የምን በር?»

«የከፍተኛው ፍርድ ቤት። የወረዳ ዳኛ ከተሳሳተ የሚያርመው እሱ ነው። ወረዳ ላይ አንድ ዳኛ ነው ያየልዎት፤ እዚያ ሦስት ሆነው ያዩታል።»

«ልጄ፣ መሬቴን ነጥቆ የሰጠው መንግሥት ነው። የወረዳው ዳኛ የመንግሥት ነው። የእናንተዎቹም ደመወዛቸው ከዚያው ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። የእናንተ ቀበሌ ኮሚቴ መቼ ነው የነገሠው?»

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ እህል የሚያስፈጩት ሳቁ። ተናደድኩ።

«አትቀልጂብኝ። እኔ ማንበብ የቻልኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አንቺ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሰሻል። የጽሕፈት ቤት ሰው በኔ ክስ ይቆማል ብለሽ ነው?»

«ይቆማል፤ ልክ እንደ ወዳጆ። ዳኞቹ የሚያዩት ከሁለታችሁ ማን ትልቅ እንደሆነ አይደለም። ይህን ስትወስኑ ባለመሬቷን ጠርታችኋል ወይ? ጠርታችሁ ከሆነ ምን አለች? የትስ ተጻፈ? ይህን ነው የሚጠይቁት። ሰው ሳይጠራና ሳይሰማ የተወሰነበት ነገር እግር የለውም።»

«ዓለም ከተማ መሆኔን ያውቁ ነበር። የኮሚቴው ጸሐፊ የእኅቴን ለቅሶ እዚያ ድረስ ወርዶ ደርሶኛል።»

ትሕትና ቀና ብላ አየችኝ። «ይህን ወረዳ ላይ ተናግረዋል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«እንግዲያ ያልተሰማ ምስክር አለዎት።»

«ዳኛው ጉቦ በልቶ ቢሆንስ?»

«ጉቦ የሚበላ ዳኛ የለም ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ያደላም ዳኛ ቢሆን ያደላበትን ምክንያት መጻፍ ግዴታው ነው፤ የጻፈውን ደግሞ ሌላ ዳኛ ያነበዋል። ይግባኝ የተሠራው ለዚህ ነው። ይረታሉ አልልዎትም። ይሰማሉ ነው የምልዎት።»

«የአባቶቻችን ዳኝነት ይሻለኛል» አልኩ።

«ደግ። የጋራ ግጦሻችን ጓሳ በተዘጋበት ወራት ሣር ያጨደ ሰው ሲያዝ አባቶቻችን ምን ያደርጉት ነበር? ለታቦት ሰጥተው ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር?»

«ተቀምጠው ይዳኙት ነበር እንጂ።»

«ያጨደውንም ሰምተው?»

«ሰምተው ነዋ።»

«ታዲያ ፍርድ ቤት ምኑ ነው አዲስ? ወረቀቱ ብቻ ነው። ጓሳን እስከ ዛሬ ያቆየው እርግማን አይደለም፤ ተቀምጦ መዳኘት ነው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለሥላሴ ሲሰጡ ምን ብለው ለመኑ? መሬቴን መልስልኝ አሉ?»

«አሳየኝ ነው ያልኩት።»

«ምኑን?»

የፈትሉን ጥቅል ወደ ጉያዬ ሳብኩ።

«ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ክስ አይቀበልም» አለች ቀስ ብላ። «ከሳሽ የሚፈልገውን ለይቶ መጻፍ አለበት። ሦስት ጥማድ የጠየቀ ሦስት ጥማድ ይፈረድለታል ወይም ይከለከላል፤ ዳኛው ከዚያ አልፎ የተከሳሹን ላም አይፈርድለትም፤ ልጁን አይፈርድለትም።»

በረዶው አባርቶ ነበር። ሰዉ ወደ ገበያው ተመለሰ፤ ሁለታችን ግን አልተንቀሳቀስንም። ለማንም ያልነገርኩትን ያን ጊዜ ነገርኳት።

ጽናት ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት ተሾመች አዝላት ደጄ ድረስ መጥታ ነበር። የልጅቷ ጎን እንደ ወናፍ ይነፋል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ተሾመች «እትዬ የትም፣ እባክሽ አንሺልኝ» አለችኝ። «መሬቴን መልሱ፤ ያን ጊዜ አነሳለሁ» አልኳት። «ደብተሩ በመንግሥት እጅ ነው፣ እኛ ምን ሥልጣን አለን?» አለች። «እንግዲያ ወደዚያው ሂጂ» ብዬ በሬን ዘጋሁ። በጎቹ እስኪገቡ ድረስ ከደጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጤና ጣቢያ አልወሰዷትም፤ በታቦት ነገር መርፌ ምን ይሠራል ብለው። ለቅሶው ላይ ደረስኩ፤ እሱም ሰው እንዳያማኝ ነው።

 ትሕትና «የገደሉት እርስዎ አይደሉም» እንድትለኝ እጠብቅ ነበር። አላለችኝም።

«እኔ ቄስ አይደለሁም» አለች በመጨረሻ። «ልጅቷን የገደላት ሕመም ነው። ከሐኪም ያስቀራት ግን የመሬት ክርክራችሁ ነው። ሥላሴን በዚህ ውስጥ አያስገቧቸው። መሬቱን ግን በመሬትነቱ የሚያይልዎ ቤት አለ፤ አሥራ አራት ቀን ቀርቶዎታል።»

ሰው በክርክር ሲሸነፍ የሚሰማው ንዴት ነው። እኔም ስድስት ቀን ስናደድ ቆየሁ። በሰባተኛው ቀን እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ይግባኙን የሚጽፍልኝ ራፖር ጸሐፊ «ምን ይወሰንልዎ ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። «የተዘጋው መዝገብ ተከፍቶ መሬቴ ይመለስልኝ» አልኩት። «ሌላስ?» አለኝ። «ሌላ የለም» አልኩ። ይህን ለማለት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ እሱ አላወቀም።

በቀጠሮው ቀን ወዳጆ በአንድ ወገን፣ የጽሕፈት ቤቱ ሰው በአጠገቡ፣ እኔ በሌላ ወገን ቆምን። የጽሕፈት ቤቱ ሰው «ኮሚቴው በሕግ የተቋቋመ ነው፤ የወሰነውን ፍርድ ቤት ሊነካው አይገባም» አለ። መካከል የተቀመጡት ዳኛ ቃለ ጉባኤውን አንሥተው «ይህ ሲወሰን ወይዘሮ የትምወርቅ ተጠርተው ነበር?» አሉት። ወረቀት አገላበጠ። «በፋይሉ ላይ አይታይም» አለ። «ለምን እንደሄዱስ ተጣርቷል?» ደግሞ አገላበጠ። «በፋይሉ ላይ አይታይም።» እኔ ስድስት ዓመት ስጮኽ ያልተሰማልኝን እሱ ራሱ ሁለት ጊዜ መሰከረልኝ።

ለፍርድ ተቀጥረን ስንመለስ ዳኞቹ እንዲህ ብለው አነበቡ፦ የይዞታ ክርክር በፍርድ ቤት የሚታይ ነው፤ ኮሚቴ ስለወሰነ ብቻ የዳኛ በር አይዘጋም፤ የወረዳው ፍርድ ቤት መዝገቡን ከፍቶ፣ የሁለቱንም ወገን ምስክር ሰምቶ ይወስን። እኔ መሬቴን እዚያው የሚያስረክቡኝ መስሎኝ ነበርና ከበሩ ስወጣ ትሕትናን ተቆጣኋት።

«ይኸው ወደ ጅቡ መለሱኝ።»

«ምስክር ሳይሰሙ ቢፈርዱልዎ ኮሚቴው በእርስዎ ላይ ያደረገውን በወዳጆ ላይ ማድረጋቸው አይደለም?»

 ይህች ልጅ እንደዚህ ናት።

ወረዳው አንድ ዓመት ፈጀ። ከቀጠሮ ቀጠሮ ስንት ጊዜ ጭቃ ረግጬ እንደተመለስኩ አልቆጠርኩም። የኮሚቴው ጸሐፊ ምሎ ሲጠየቅ ለቅሶ ደርሶኝ እንደነበር አመነ። ቃለ ጉባኤው ተሻረ፤ መሬቱ ለኔ ተወሰነ። ወዳጆም ስድሳ ቀን ነበረው፤ እኔ ራሴ ቆጠርኩለት፤ ይግባኝ አላለም። በላዩ የቆመውን ገብስ እሱ ይጨድ ብያለሁ፤ ዘሩ የሱ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በየመንደሩ እንደኔ ተበድላ የተቀመጠች ሴት እንደማትጠፋ ስለማውቅ ነው። እኅቴ ሆይ፣ የፍርድ ቤት መንገድ ረጅም ነው፤ እግርሽን ይጎዳሻል። ግን በዚያ ዓመት የማንም ላም አልነጠፈችም፤ የማንም ልጅ አልታመመችም። ወዳጆ ተረታና በእግሩ ሄዶ ቤቱ ገባ። ወረቀት በሰጡሽ ቀን ቀኑን አስነብቢ፤ ቆጥረሽም ያዢ። የምትፈልጊውን ለይተሽ ተናገሪ። የፈረደብሽን ሰው፣ ቀበሌም ይሁን ወረዳ፣ «ጠርተኸኛል ወይ?» በይው። የታመመ ልጅ ካለ ደግሞ ክርክሩን አስቀምጪና ሐኪም ቤት ውሰጂ። ሥላሴን ለምኚ፤ እኔም እለምናለሁ። የጎረቤትሽን ልጅ ግን በመያዣ አትስጫቸው።

መሬቱን በተረከብኩ ማግሥት እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ «ወዳጆን አንስቻለሁ» አልኩ። ከዚያ ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ ወደ ተሾመች ሄድኩ። ደጃፏ ላይ የበግ ጸጉር ታባዝት ነበር።

«ተሾመች፣ ጽናትን ሥላሴ አልቀጣትም። ሥላሴ ሕፃን አይቀጣም። ከደጄ የመለስኳችሁ እኔ ነኝ።»

ማባዘቷን አላቆመችም። «ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሌን በአንተ ኃጢአት ነው የሞተችው እለዋለሁ» አለች። «አንድ መደብ ላይ አንተኛም። አሁን ምን ልበለው?»

«የሆነውን ንገሪው።»

«አንቺ ተናግረሽ ቀለለሽ?»

«አልቀለለኝም።»

ይቅር አላለችኝም፤ ግቢም አላለችኝ። ከጓዳ ሳል ሰማሁ፤ ደረቅ፣ የትንሽ ልጅ ሳል።

«ማናት?»

«ታናሿ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ነው።»

«ሐኪም አይቷታል?»

ያባዘተችውን ጸጉር ከጉልበቷ አወረደች።

«ነጠላሽን ልበሺ» አልኳት።

ቀየት ጤና ጣቢያ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። እየተቀባበልን አዘልናት።