ሴምፕሬ እና የጋሽ ይሄይስ ድንጋይ

ጓዶች፣ የጋሽ ይሄይስ የጡረታ መሸኛ ነውና ጨዋታውን ትንሽ ያዝ አድርጉልኝ። ጋሽ ይሄይስ፣ እርስዎ ይብሉ፤ እኔ ላውራ። ትናንት ያስጨነቀዎትን ነገር አልረሳሁም፣ እመጣበታለሁ።

እዚህ ፍኖተ ሰላም ጋራዥ ሾፌር ሆነው ሊቀጠሩ የመጡ ለት እኔ መካኒኩ ክንዱ፣ መኪና ሥር ተኝቼ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ያኔ ኃላፊያችን ጣሊያኑ ሲኞር ብሩኖ ነበር። በሰባራ አማርኛው "ፍሬን ታያለህ?" አላቸው። "ሴምፕሬ!" አሉ፤ ሁልጊዜ ማለታቸው ነው። "ዘይትስ ትለካለህ?" "ሴምፕሬ!" "አረቄስ ትጠጣለህ?" "ሴምፕሬ!" ከጣሊያንኛ የሚያውቁት ይችኑ ነበር። እትዬ አቻምየለሽ፣ በባልዎ ምን ያስቅዎታል? የመጨረሻዋ እንኳ እውነት ነበረች።

ብሩኖ ነድተው የመጡባትን መኪና ከፍቶ ዘይቱን ቢያይ ደርቋል። "ስማ ይሄይስ፣ ሴምፕሬ ዝናብ ሲዘንብም ነው። ስትቸኩልም ነው። ሰው ባያይህም ነው። አንድ ነገር ምረጥና ለሱ ብቻ ሴምፕሬ በል" አላቸው።

እሳቸውም ድንጋይ መረጡ። መኪና ካቆሙ ከኋላ ጎማ ሥር ያችን ከጋቢና የማትለይ ድንጋይ ታኮ ሳያደርጉ ንቅንቅ የለም። ደምበጫ ላይ "ኧረ ጋሼ፣ ይህ ሜዳ ነው!" ስንላቸው "ሴምፕሬ" ብለው ይወሽቋታል። ለሌላው ነገር ሁሉ ግን ሴምፕሬ ማለትን ተዉ።

የጋራዡ ካድሬ ዛሬ እዚህ ስለሌለ ልናገር። "ጓድ ይሄይስ፣ ስብሰባ ሁልጊዜ ትገኛለህ?" ቢላቸው "ሁልጊዜስ አልልም፤ መኪና ከተበላሸ እቀራለሁ" አሉት። እኔ ዝም እንዲሉ ኮታቸውን ጎተትኩ። ካድሬው ትክ ብሎ አያቸውና "እሺ፣ ተቀመጥ" አለ።

ወደ ፈረስ ቤት ማዳበሪያ ጭነን ስንወጣ ግን ዳገቱ ላይ መኪናዋ ቆመች። ዝናብ ነው፣ ሊመሽብን ነው። ተቻኩዬ ሥሯ ልገባ ስል "ቆይ!" አሉኝ። "ፍሬኑ ይዟል እኮ ጋሼ" ብላቸውም ድንጋይዋን አውርደው ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቁ። ገብቼ ብሎን እየፈታሁ ሳለ ፍሬኑ ለቀቀ። መኪናዋ ከነጭነቷ ወደ ኋላ ተንፏቀቀች፤ ጎማው ድንጋይዋን ገፋ አደረገና ቆመ። ከደረቴ ስንዝር አልራቀም ነበር። በእግሬ ጎትተው አወጡኝና "ልብስህን አራግፍ" አሉኝ።

ልጄ ጌጥነሽ የተወለደች ከዚያ በኋላ ነው። አባት ያላት በእርስዎ ነው ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።

ትናንት መኪናዋን አስረክበው ሲወጡ ፊትዎ ልክ አልነበረም። "ድንጋይዋን አዲሱ ሾፌር አይቶ ሳቀ፤ ማን ይረከበኛል ክንዱ?" አሉኝ። ቶሎ መልስ አልሰጠሁዎትም፤ እዚህ ሰው ፊት ልበለው ብዬ ነው።

በሉ ብርጭቆ አንሱ። ጋሼ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥልን፤ ከእትዬ አቻምየለሽ ጋር ቡሬ ቤታችሁ በሰላም ያኑራችሁ። አዲሱ ሾፌር ቢስቅ ይሳቅ፣ ድንጋይዋን የምረከብዎ እኔ ነኝ። መኪናዋ ከዚህ ግቢ በወጣች ቁጥር እኔው በእጄ ጋቢና አስገባታለሁ። ይችን ቃል እስከ ዛሬ ደፍሬ ብያት አላውቅም።

ሴምፕሬ፣ ጋሼ።