ለፔሳሕ የታጠበው ብስክሌት

በጽዳት ምክንያት ከውድድር የወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አለሁላችሁ። ሥራዬ ትሪያትሎን ነው፤ ዋና፣ ብስክሌት፣ ሩጫ። የአይሁድ ፋሲካ፣ ፔሳሕ፣ ሲቃረብ፣ የብሔራዊ ቡድኑ ማጣሪያ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቂርያት ጋት ከተማ እናቴ ቤት ስገባ ብስክሌቴ በረንዳው ላይ ያብረቀርቃል። ክው አልኩ። የኮርቻውንና የክርን ማሳረፊያውን ልክ ምልክት ያደረግኩባቸው ነጫጭ ፕላስተሮች የሉም! ሁለት ዓመት በሚሊሜትር እየለካሁ ያገኘሁት ልክ ነው፤ ወረቀት ላይ ልጻፈው ልጻፈው እያልኩ ቸል ብዬዋለሁ።

"እማዬ፣ ምን አደረግሽው?"

"ፔሳሕ ደረሰ አይደል? ብስክሌትህ ላይ ያለው የስንቅ ሳጥን ውስጥ የብስኩት ፍርፋሪ አገኘሁ። በበዓሉ እርሾ ያለበት ነገር ቤቴ ሊያድር ነው እንዴ! ፈታትቼ አጠብኩት፤ ያንን የቆሸሸ ፕላስተርም ልጬ ጣልኩልህ። ደግሞ መልሼ ገጥሜዋለሁ።" ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ስታጸዳ ስለኖረች ብሎን አይበግራትም። እጆቿ በሳሙና ተልጠዋል።

ልኩን በግምት አስተካክዬ በማግስቱ ለማጣሪያው ሄድኩ። ኮርቻው ልኩን ስላልያዘ ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቴን አመመኝ፤ ብስክሌቱን እየገፋሁ ከውድድሩ ወጣሁ። በእኔ ዕድሜ ደግሞ ሌላ ማጣሪያ የለም።

ስመለስ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ከሁሉ ንጹሑ የአንተ ብስክሌት ነበር አይደል?"

"አዎ እማዬ፣ እንደሱ ንጹሕ የሆነ አልነበረም" አልኳት።