ባነሩ ላይ የተጻፈው ዩኒቨርሲቲ

ክቡራትና ክቡራን፤ ከሁሉ በፊት ከጀርባዬ ስለተሰቀለው ባነር አመሰግናለሁ። ስሜ በትክክል ተጽፏል። የኮንክሪት ናሙና እየሰበርኩ ጥንካሬውን ስመዘግብ በኖርኩበት በዚህ ቤተ ሙከራ፣ በዘጠኝ ዓመት ይህ የመጀመሪያው ነው። የተጻፈው ዩኒቨርሲቲ ግን የምሄድበት አይደለም። አጨብጭቡ እንጂ፣ ምነው ደነገጣችሁ?

እንደምታውቁት ሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ምህንድስና እንድማር ተቀበሉኝ። አንደኛው ስሙ የገነነ፤ ሌላው አለቃችን ካርታ ላይ ፈልገው ያጡት። መልስ የምሰጥበት አንድ ወር ነበረኝ። ካለፈ ሁለቱም ቦታዬን ለሌላ ይሰጣሉ። በሠላሳ አራት ዓመቴ የመጣ ዕድል ነውና ሁለቱን ደብዳቤዎች እያነሳሁ እጥል ጀመር።

እናንተ ግን ምን ቸገራችሁ? ምክሩ ጎረፈ። የሒሳብ ክፍሏ እህቴ «ብርድ የሌለበት ሂጂ» አለችኝ፤ መስኮት በተከፈተ ቁጥር ሦስት ቀን የምትቀር ሰው! ሾፌራችን ደግሞ «አንቺ፣ የአጎቴ ልጅ እዚያ ነው፣ እጠይቅልሻለሁ» አለኝ። ጠየቀልኝ። «ሁለቱንም አላውቃቸውም፤ ግን የመጀመሪያው ይሻላል» የሚል ጥልቅ መልስ መጣ። አለቃችንማ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ አላማከሩኝም፤ ነገሩኝ። «የገነነው ነው! ለመሥሪያ ቤታችን ገጽታ!» በማግስቱ ባነር ታዘዘ።

አንድ ሰው ብቻ ዝም አሉ። «ኮንክሪት በሃያ ስምንተኛ ቀኑ ሳይሰበር ጠንካራ ነው አትበሉ» እያሉ መውጫ መግቢያ ያሳጡን ሽማግሌ፣ ጋሽ ሃያ ስምንት። ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የናሙና መስበሪያው ማሽን አጠገብ ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔ ምኑን አውቄ፣ ልጄ? ግን ናሙናሽ ካሰብሽው በታች ሲሰበር አጠገብሽ ማን እንደሚቆም ጠይቂያቸው።»

ለሁለቱም ጻፍኩ፦ ሙከራዬ ቢከሽፍ ማንን አናግራለሁ? ከገነነው በደቂቃ መልስ መጣልኝ፤ የመለሰው ግን ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር ነው። ስለ ፍላጎቴ አመስግኖ የግቢውን ፏፏቴ ፎቶ ላከልኝ። ውሃ ጠምቶኝ ይሆን? ሌላው አምስት ቀን ቆየ። የጻፉልኝ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ናቸው፦ «ቁርጥራጩን እንዳትጥዪው። አምጪው፣ አብረን እናየዋለን። ከዚያ ሌላ እንሠራለን።»

እዚያው ማሽኑ አጠገብ ስልኬን ይዤ እንባዬ መጣ። ጋሽ ሃያ ስምንት መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ የናሙና ውጤት እንደሚጠይቁ ሁሉ «ስንት ወጣ?» አሉኝ።

«ከታሰበው በላይ» አልኳቸው። ከተሰጠኝ ወር በሃያ ስምንተኛው ቀን ለዚያው ዩኒቨርሲቲ እሺታዬን ላክሁ።

ባነሩን ለማስተካከል ወደ ግዢ ክፍል ሮጬ ነበር። ወንድማችን «ታትሟል እኮ! አንቺ ብትቀይሪ አይቀልም?» አለኝ።

አለቃችን፣ አይቆጡ። የባነሩ ጀርባ ንጹህ ነው፤ ለሚቀጥለው ተሰናባች ይሆናል። ብቻ የት እንደሚሄድ ቀድመው ይጠይቁት። ኬኩም ላይ ያው የዩኒቨርሲቲ ስም አለ አሉ፤ ከእሱ ጀምራችሁ ቁረጡልኝ።

ጋሼ፣ ሰኞ ቅርጹ ውስጥ የሞላሁት የመጨረሻ ናሙናዬ እንዲጠነክር ገና ውሃ ውስጥ ነው። ቀኑ ሲደርስ እኔ የለሁም። እርስዎ ይስበሩልኝ። ዝቅ ቢልም እንዳይደብቁኝ፤ ቁርጥራጩንም አይጣሉት።

ቀልዴን ይቅር በሉኝ፤ ያለ እናንተ ይህን ሁሉ የምቀልድበት አላገኝም ነበር። የሞላችሁት ይጠንክርላችሁ። ልጆቻችሁ ካሰባችሁላቸው በላይ ይውጡ። ካሰበው በታች የወጣበት ሰው ደግሞ፣ አጠገቡ የሚቆም አይጣ።